በጓሮ የሚያልፈው መንገድ

ልጅ ሳለሁ ከራሳችን ቤት እሳት ይልቅ የሰው ቤት እሳት ይሞቀኝ ነበር። እናቴ «የዚች ልጅ እግር አንድ ቀን የሰው ደጃፍ ላይ ተሰብሮ ይቀራል» እያለች ትራገም ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ማን ከባሏ እንደተኳረፈች፣ የማን ላም እንደጨነገፈች ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ወሬኛ የሚለው ስም የወጣልኝ ያኔ ነው። ዛሬም አልተወኝም፣ እኔም አልተውኩትም። ወሬኛ ማለት የሰማውን የማይረሳ ማለት ከሆነ ስሙ ይገባኛል። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሰማሁትን ግን ማንም አይቀማኝም።

ቤታችን ቦንጋ ዳር፣ ከተማው ከኮረብታው ወርዶ ወደ ወንዙ ማዘቅዘቅ የሚጀምርበት ላይ ነው። ከአጥራችን ሥር እትዬ አስካለ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሲመሻሽ እኔና የሰፈሩ ሴት ልጆች እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ረመጡ ውስጥ ጎደሬ ይቀብራሉ፤ ጭሱ ከጣሪያው ሣር መውጫ አጥቶ ዓይናችን ላይ ይመለሳል፣ ኩራዟ በግድግዳው ስንጥቅ በሚገባው ነፋስ ትንቀጠቀጣለች፣ የእትዬ አስካለ ጥላም ግድግዳው ላይ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ጎደሬው እስኪበስል ተረት ይነግሩናል።

ሌላ ሰው እንደሚጀምረው አይጀምሩም። «ከበር ወጣች» ይላሉ፣ በቃ። የወጣችው ለእናቷ ማር የያዘች ሴት ናት፤ እናቷ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ከኋላዋ ደግሞ ጅብ አለ። መንገዱ አምስት መታጠፊያ አለው። መጀመሪያው ሰባራው ድንጋይ ነው፤ «ምን ይዘሻል?» ሲላት «ቅመሰው» ብላ ድንጋዩን አሳየችው፣ ነከሰውና ጥርሱም ድንጋዩም ተሰበረ። ሁለተኛው ሾላው ነው፤ ነጠላዋን ቅርንጫፉ ላይ ሰቅላ ሄደች፣ ጅቡ የተቀመጠች መስሎት ሲጠብቅ ቆየ። ሦስተኛው ረግረጉ ነው፤ እሷ በቀኝ አለፈች፣ እሱ በግራ ገብቶ እስከ ሆዱ ሰጠመ። አራተኛው ዘንባባው፣ አምስተኛው ምንጩ። እንግዲህ ተረቱ ሲነገር እትዬ አስካለ ዝም ብለው አይነጉዱም፤ የመታጠፊያውን ስም እኛ መጥራት አለብን፣ በየትኛው እጅ እንደሚታለፍም ጭምር። ካልጠራን ሴትዮዋ ማሯን ይዛ እዚያው ትቆማለች።

አንድ ቀን መጨረሻውን ለመስማት ቸኩዬ ከሾላው ወደ ዘንባባው ዘለልኩ።

«ረግረጉን በምን ተሻገርሽ? በረርሽ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን እኮ!»

«የምታውቂውን ነው የምትረሺው» አሉና ትኩሱን ጎደሬ ከእጄ ላይ ወስደው ረመጡ ውስጥ መለሱት። «ከበር ጀምሪ።»

እያለቀስኩ ከበር ጀመርኩ። ሌሎቹ ልጆች ይስቁብኛል። በማግስቱ ለሰፈሩ ሁሉ «ክፉ አሮጊት ናቸው፣ ምግብ ከአፍ ይነጥቃሉ» እያልኩ አወራሁባቸው። ወንዶቹም ያሟቸው ነበር፤ ሴት ልጅን ተረት እየቀለቡ ሥራ ያስፈታሉ ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን ከልማዳቸው አልተመለሱም።

መንገዱ እውነተኛ መንገድ ነው። በየቤታችን ጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል ወርዶ ጫካ ይገባና ምንጩ ላይ ይደርሳል። የሴቶች መንገድ ነው። ድሮ ከንጉሡ ኬላ የሚወርደው እሱ ነበር ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ቧንቧ ከገባ ወዲህ የሚሄድበት ቀንሶ ሣርና ቁጥቋጦ ዋጠው፤ ቧንቧው ሲደርቅ ግን፣ እሱም አመሉ ነው፣ ጄሪካናችንን አዝለን የምንወርደው በዚያው ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ዮናስ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከቱሪዝም ቢሮ መጣ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። በእግሩ የሚጓዝ ጎብኚ ስለሚመጣ ጥንታዊውን መንገድ አሳዩኝ አለ፣ ስልኩ ላይ ሊስለው። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ወልዴ ተቀበሉት። በእኛ ዘንድ እንግዳ በጓሮ አይወሰድም። ጓሮ ፍግ የሚጣልበት፣ እንሰት የሚፋቅበት ነው፤ እንግዳን በዚያ ማሳለፍ ገመናን ማሳየት ነው። ስለዚህ ጋሽ ወልዴ ልጁን በሰፊው የከብት መንገድ ይዘውት ወረዱ። «ጥንታዊው ይሄ ነው?» ሲላቸው «ይኸው ነው፣ ጌታዬ» አሉት።

እኔ አጥሬ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሁሉንም ሰማሁ። የሰው ኩርፊያ የማያመልጠኝ ሴትዮ ያን ዕለት ዝም አልኩ። ሽማግሌን በእንግዳ ፊት ማረም ነውር ነው ብዬ ነው። ለዚህ ዝምታዬ ማንንም አላሳብብም፣ የራሴ ነው።

ጥቂት ቆይቶ የከብቱ መንገድ ላይ ቀስት ያለው ሰሌዳ ተተከለ። ቀጥሎ የእኛ መንገድ ልጁ በሳለው ካርታ ላይ ስለሌለ «ባዶ መሬት» ሆነ፤ ከጓሯችን እስከ ምንጩ ለችግኝ ጣቢያ ይታጠራል ተባለ። ሰኞ ችካል ተመታ። ሐሙስ ሽቦው ይመጣል ተባለ። ማክሰኞ ቧንቧው ደረቀ።

ረቡዕ ጠዋት ዮናስን ችካሉ ላይ አገኘሁት። ጋሽ ወልዴም ምርኩዛቸውን ተደግፈው አብረውት ቆመዋል።

«እዚህ ጋ መንገድ አለ» አልኩት።

«እትዬ ዘነበች፣ ቁጥቋጦ ነው እኮ። ሰዉ ሲጠየቅም አልተናገረም። ወሬ ደግሞ ሪፖርት ላይ አይገባም።»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ አለው ልጁ።»

«ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ በጓሯችን ያፍራሉ። እኔ አላፍርም። ዛሬ ውኃ ልትቀዳልዎ የሄደችው ምራትዎ በየት ወርዳ ነው? በከብቱ መንገድ?» አልኳቸው። ወደ ልጁ ዞርኩ። «ጫማህን አጥብቅና ተከተለኝ። መንገድ ካልሆነ ነገ ሽቦውን እኔ ራሴ እይዝልሃለሁ።»

ሳቀ፣ ግን ተከተለኝ። በፍጋችን አጠገብ፣ በእንሰቱ መሃል አለፍን። «ሰባራ ድንጋይ፣ በግራ» አልኩ፤ ሣሩን በእግሬ ገለጥ ሳደርገው ድንጋዩ ለሁለት እንደተሰነጠቀ ተቀምጧል። «ሾላ፣ ሥር ሥሩን።» ሾላው አለ፣ ቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛዎች ቁጭ ብለው ያዩናል። ልጁ ስልኩን እያየ ይራመዳል። ከሾላው ወረድ እንዳልን ሜዳው ለምለም ሆነ፣ እሱም ቀድሞኝ በግራ በኩል ቀጠለ።

«በቀኝ! በቀኝ ነው ያለፈችው!» ብዬ ጮህኩ።

«ማን?» እንዳለ እስከ ጉልበቱ ገባ።

እጁን ይዤ ስጎትተው እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። በቀኝ በኩል ያለውን ሣር በእግሬ ገለጥኩለት። ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ አንዱ ካንዱ በእርምጃ ርቀት፣ ጭቃው ላይ ተደርድረዋል። ማን እንደደረደራቸው አላውቅም፤ በእግር ብዛት መሃላቸው ጎድጉዷል። ልጁ ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንድ እግሩ ጭቃ ለብሶ ቁጢጥ አለና ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይሄን ማን ነገረዎት?»

«እሳት ዳር ነው የሰማሁት።»

«መጽሐፍ ላይ አለ?»

«የለም። አንተ ጻፈው።»

ዘንባባውንም ስሙን ጠርቼ አልፈን ምንጩ ድረስ ወረድን። ሦስት ሴቶች ጄሪካን እየሞሉ ነበር፤ የጋሽ ወልዴ ምራትም አንዷ ናት። ጭቃውን አይተው እስኪያነቡ ሳቁበት፣ እግሩንም አጠቡለት። ሐሙስ ሽቦው አልመጣም። ከሳምንት በኋላ ችካሉ ተነቅሎ ከመንገዱ ወዲያ ተተከለ፤ የችግኝ ጣቢያው ጠበበ፣ ምንጩ ለእኛ ቀረ። ጋሽ ወልዴ እስካሁን ሰላም አይሉኝም። «በእንግዳ ፊት አዋረደችኝ» ይላሉ አሉ። ይበሉ። ቤታቸው ያለው ውኃ ግን በዚያው መንገድ ነው የሚወጣው፣ እሱን ሲጠጡ አያኮርፉም።

እትዬ አስካለ ብልህ ነበሩ፣ ነገሩን አስቀድመው አይተው ነበር የሚሉ አሁን በዝተዋል፤ ትናንት ሲያሟቸው የነበሩ ናቸው። እኔ እንደዚያ አልልም። ምንም አላዩም። እሳቸው አንዲት ሴት ከቤቷ እስከ እናቷ ቤት የምትሄድበት መንገድ በማንም ችኮላ እንዳይቆረጥ የሚሉ ግትር ሰው ነበሩ። ለእኔ የቀረልኝ ከጅቡም ከማሩም ይልቅ ግትርነታቸው ነው።

አሁን በእግር የሚመጡት ጎብኚዎች በጓሮዬ ያልፋሉ። አንዳንዱ ፍጉ ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል፣ አንዳንዱ እንሰት ስፍቅ ቆሞ ያየኛል። ጎረቤቶቼ «አጥር አትሠሪም ወይ? ገመናሽ እኮ ነው» ይሉኛል። አልሠራም። ከተማዋን በፊቷ ብቻ አይቶ የሚሄድ አላያትም፤ ውኃዋ የሚመጣው፣ እንጀራዋ የሚበቅለው ከጀርባ ነው። ይዩት። እኔም መንገዱን ሲጠይቁኝ ከሥራዬ ቀና ሳልል እጄን ወደ ቁልቁለቱ እዘረጋለሁ።