ለአንድ ሰው የተሰፋ ወንበር

መሪየም ሰውን የምታውቀው በአቀማመጡ ነው። ማን በቀኝ ጎኑ እንደሚያጋድል፣ ማን ወገቡን እንደሚያመው፣ ማን ሲፈራ ጉልበቱን እንደሚገጥም አንድ ጊዜ አይታ ትለያለች። ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ሱቅ ውስጥ የባጃጅና የሞተር ወንበር ስትሰፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሙያውን ያስለመዳት ባሏ ነበር። እሱ ሲሞት የስፌት መኪናው ለእሷ፣ የብየዳ ማሽኑ ለታናሽ ወንድሟ ለሙሀመድዘይን ሆነና እህትና ወንድም ሱቁን ለሁለት ተካፍለው ቀጠሉ። ብረት የእሱ፣ ስፖንጅና ቆዳ የእሷ። እስከዚያ የግንቦት ሳምንት ድረስ በዚህ ተጣልተው አያውቁም።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት አጠር ያለች ወጣት ቀይ ሞተር በእጇ እየገፋች መጣች። ሞተሩ ደህና ነው፤ ነዳጅም አለው። አገርነሽ ትባላለች፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ ከወረታ ወዲያ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ውሃ ሳይተኛበት የዚያ አገር ከብት መከተብ አለበት።

«እትየ፣ ይህን ወንበር ዝቅ ያደርጉልኛል?» አለች። «ስቆም እግሬ መሬት አይደርስም። በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለተኛውማ ወረታ ገበያ መሃል ነው፤ ገበሬው ሁሉ እያየኝ።»

«ተጎዳሽ?»

«እኔስ አልተጎዳሁም። አለቃዬ ግን ሰማ። ‹ቅዳሜ ለሚጀመረው ዘመቻ ሞተር መንዳት የሚችል ሰው እንፈልግ፤ አንቺ ቢሮ ተቀመጭ› ብሎኛል። ሞተሩ የራሴ ነው። ዓርብ ማታ ወረታ ካልተገኘሁ ግን ሌላ ሰው ይሄዳል።»

መሪየም ሞተሩ ላይ አስቀመጠቻትና ተንበርክካ ከጫማዋ ሥር እስከ መሬቱ ያለውን በስንዝሯ ለካች። ስንዝር ከሁለት ጣት።

«ስፖንጁን ብቀንሰው አራት ጣት ብቻ ነው የሚወርድልሽ» አለቻት። «ይህ የሁለት ሰው ወንበር ይነሣ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን፣ ሻንሲው ላይ ተኛ ያለ፣ ከኋላ ወገብሽን ደገፍ የሚያደርግ እሠራልሻለሁ። የኋላው ቦታ ለክትባት ሳጥንሽ ይሆናል። ሰው ግን መጫን አትችይም።»

«ማን እንዲጫንልኝ ብዬ!» አለች አገርነሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቀች።

መሪየም ረቡዕንና ሐሙስን ስትቆርጥና ስትሰፋ ዋለች። ስፖንጁን በሁለት ድርብ አድርጋ ጠንካራውን ከሥር፣ ለስላሳውን ከላይ አጣበቀችው። ሙሀመድዘይን ላሜራውን ቆርጦ፣ ወንበሩን ከሻንሲው ጋር የሚያይዘውን ብረት በየደ። መግጠሙ ላይ ሲደረስ ግን ፈቃደኛ አልሆነም።

«እሱን የምገጥመው እኔ ነኝ» አለ። «ያውም ጊዜ ሳገኝ። ሰኞ።»

«ልጅቱ ነገ ትሄዳለች እኮ።»

«ትጠብቃ! ይህ እንደ ትራስ ጠቅልለሽ የምታስረክቢው ነገር አይደለም። የሰው ነፍስ የሚቀመጥበት ብረት ነው። አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

መሪየም መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ስፌትሽን ስፊ! ይህን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች፣ ብየዳውንም እንዲማር ባሏን የለመነች እሷ ናት። ቃሉ ሲያንገበግባት አደረ።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሙሀመድዘይን ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ለጁምዓ ሄደ። መሪየም የእሱን መፍቻዎች አወጣችና ሥራዋን ያዘች። መጀመሪያ ልኩን ለማየት በሁለት ቀጫጭን ቡሎኖች አሰረችው። የክትባት ሳጥኗን ይዛ ሞተሯን ልትወስድ የመጣችው አገርነሽ ተቀመጠችበት፤ ወንበሩ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ፈታችው፣ ከቡሎኑ ሥር ስስ የብረት ቀለበት፣ ራንዴላ ጨመረች፣ እንደገና አሰረችው። አሁን ቀጥ አለ። የአገርነሽ ሁለት እግሮች መሬቱን ከተረከዝ እስከ ጣት ረገጡት።

«እትየ! ረገጥሁ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። መኪናው ቀድሟታል፤ ክትባቱን ይዛ ቶሎ እንድትደርስ ነው። ሳጥኑን ከኋላ ጠፍረው አሰሩት፤ አገርነሽ መሪየምን ሁለቴ ሳመቻትና ሞተሯን አስነሥታ ሄደች።

መሪየም ደጃፉ ላይ ቆማ ቀይዋ ሞተር ከዓይኗ እስክትሰወር አየች። ደስ አላት። ወንድሟ ሲመለስ ምን እንደምትለው እያሰበች ጠረጴዛውን ማጽዳት ጀመረች። አሮጌውን ጨርቅ ስታነሣ ከሥሩ የቆርቆሮ ክዳን አገኘች። ክዳኑ ላይ ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች ከነማጥበቂያ ዳዶአቸው ተቀምጠዋል።

ወንበሩን የሚይዙት እነዚህ ነበሩ። ልጅቱ የሄደችው ለልክ ብቻ በታሰሩት ቀጫጭኖቹ ነው። አንድ ጉድጓድ ይበቃቸዋል።

ስልኳን አንሥታ ደወለች። ይጠራል፤ አይነሣም። ደገመች፤ ሠለሰች። ሞተር እየነዳ ስልክ የሚሰማ የለም። በአምስተኛው ጭራሽ መጥራቱንም ተወ።

ሙሀመድዘይን ከመስጊድ ሲመለስ እህቱን ቡሎኖቹን በመዳፏ ይዛ መሃል መንገድ ላይ ቆማ አገኛት። ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«ምን ሆነሻል?»

«ገጠምሁት» አለች። «ለልክ ያሰርሁበትን ሳልቀይር ሰደድኋት። ስልኳን አታነሣም። ሙሀመዴ፣ ወላሂ ልጅቱን ገድያታለሁ።»

ይጮኽብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አሰረ፣ መፍቻዎቹን በከረጢት ከተተና የራሱን ሞተር አስነሣ። «ከኋላዬ ውጪ» አላት።

የከተማው መንገድ የዚያን ዕለት አላልቅ አለ። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከጁምዓ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ተማክሮ የዘጋባቸው ይመስላል። የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ ሰዎች ጉማሬ ለማየት አጥሩን ተደግፈው ይሳሳቃሉ። መሪየም የወንድሟን ወገብ በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላው እጇ ቡሎኖቹን ጨብጦ፣ ከፊት የሚታየውን ቀይ ነገር ሁሉ እሷ ናት እያለች ታያለች።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ አስቆሟቸው።

«መታወቂያ።»

ሙሀመድዘይን ሰጠ። መሪየም ኪሷን ዳበሰች፤ መታወቂያዋ ሱቅ ውስጥ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

«እናንተ ከየት ነው? ወዴት ነው?» ጠባቂው የሰውየውን ጀለቢያና ኪሷን የምትዳብሰውን ሴት እያፈራረቀ አየ። «መታወቂያ የሌለው አያልፍም።»

«ወንድሜ፣ በቀይ ሞተር ያለፈች ልጅ አላየህም? ከኋላዋ ሳጥን የጫነች?» አለችው መሪየም ጠባቂውን።

«አይቻለሁ። ሩብ ሰዓት ይሆናታል። ምን አደረገች?»

«እሷ ምንም አላደረገች። እኔ ነኝ። ወንበሯን በደንብ ሳላስርላት ነው የሄደችው። ካልደረስሁባት ትወድቃለች።»

ጠባቂው በመዳፏ ያሉትን ቡሎኖች አየ። የሙሀመድዘይንን መታወቂያ ደረት ኪሱ ከተተ። «ይህ እዚህ ይቆያል። ስትመለሱ ትወስዳለህ። ሂዱ!»

ከዘንዘልማ በኋላ መንገዱ ክፍት ሆነ። በግራ በኩል ጣና በዛፎቹ መሃል ብልጭ እያለ ይታያል። ሲኖትራኮች አሸዋ ጭነው ይበርራሉ። መሪየም በአንዱ ቁልቁለት ግርጌ ቀይዋን ሞተር ሣር ላይ ተጋድማ አየቻት። ወንድሟ ፍሬን ሳይዝ በፊት ለመውረድ ሞከረች።

አገርነሽ መንገዱ ዳር ተቀምጣለች። አንዲት የአካባቢው ሴት በጣሳ ውሃ ክርኗን ታጥብላታለች፤ ደሙ ከአቧራው ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። መሪየምን ስታይ ለምን መጡ ብላ አልጠየቀችም።

«ጉድጓዱን አይቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሞተሩ ከሥሬ ሸሸብኝ። ከኋላዬ ሲኖትራክ ነበር፤ ጡሩምባውን እየነፋ በዚህ በአጠገቤ አለፈ። ፍሬኑን አላግባብ ይዤው ነው። አለቃዬ እውነቱን ነው፤ እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም። ውርደቱ ይበቃኛል፤ ሞተሩን እሸጠዋለሁ።»

ሙሀመድዘይን ሞተሩን አቅንቶ አየው። አንዱ ቡሎን ተቆርጧል፤ ሌላው ጎብጧል። ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፦ «ዝም በይ። እኔ አሁን አስተካክለዋለሁ። ክፉ ወሬ ከወጣ ሱቃችን አለቀለት» አላት።

መሪየም ሰማችው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ልጅቱ ራሷ ጥፋቱን ተሸክማዋለች፤ ተሸክማው ወደ ቢሮ ትገባለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሞተር መንዳት የማትችል ሴት ነኝ ብላ ትኖራለች።

አገርነሽ ፊት ሄዳ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት። «እነዚህን ማሰር ነበረብኝ። ረሳኋቸው። በቀጫጭን ቡሎን ሰድጄሽ ነው።»

አገርነሽ ቡሎኖቹን አየች፤ ሞተሩን አየች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ልሞት ነበር እኮ!»

«አዎ።»

«ሲኖትራኩ እዚህ ነበር! እዚህ!» አስፋልቱን በጤነኛ እጇ መታችው። «እርስዎን አምኜ እኮ ነው የተቀመጥሁበት!»

«አዎ። አውቃለሁ።»

ክርኗን ታጥብላት የነበረችው ሴት ጣሳዋን ይዛ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታያለች። አገርነሽ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች። ስታበቃ አፍንጫዋን ጠራረገችና እንደ ሕፃን ጠየቀች፦

«ስለዚህ የእኔ ጥፋት አይደለም?»

«አይደለም። አንድም የአንቺ ጥፋት የለበትም።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገመችላት።

ሙሀመድዘይን አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ያዘ። የተቆረጠውን አወጣ፣ ወፋፍራሞቹን አስገባ፣ ዳዶውን ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። አገርነሽ አጠገቡ ቆማ እያንዳንዱን አየች። ከዚያ «መጀመሪያ እርስዎ ይቀመጡበት» አለችው። «በዚያ ጉድጓድ ላይ ይለፉበት። አንድ ጊዜ አይደለም።»

ግዙፉ ሙሀመድዘይን ጀለቢያውን ሰብስቦ በትንሿ ወንበር ላይ ተሰየመና ጉድጓዱን አራት ጊዜ ተመላለሰበት። ወንበሩ አልነቃነቅም አለ። ከክትባቱ ሁለት ብልቃጥ ተሰብሯል፤ በረዶው ግን አልቀለጠም። አገርነሽ ክርኗን በመሪየም ሻሽ አስራ ወጣችበት። እነሱም እስከ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ከኋላዋ ተከተሏት። መሪየም በመንገዱ ሁሉ ከዚያች ወንበር ዓይኗን አልነቀለችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። «ደርሻለሁ» አለች አገርነሽ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ መሪየምም አልጠበቀችም። ዘመቻው በስምንት ቀን አለቀ። ክርኗ ላይ ጠባሳ ቀርቷል፤ አለቃዋ ስለ ሌላ ሰው ማውራቱን ትቷል። አገርነሽ ወደ ሱቁ ለመመለስ ወር ሙሉ ፈጀባት፤ ስትመጣ ግን ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ ነበር። «ሲገጥሙ አጠገባቸው ቁሙ» አለቻቸው መሪየም እየሰማች። መሪየም አልተቀየመችም።

መሪየም ለብዙ ሌሊት ያንን ቁልቁለት በሕልሟ አየችው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ለወንድሟ፦ «ሳልሞክረው የማስረክበው ወንበር አይኖርም። ሞተር አስተምረኝ» አለችው። በአርባ ሦስት ዓመትሽ ብሎ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ከሰፈሩ በላይ ባለው ሜዳ ሁለቱን ታያቸዋለህ። እሱ ከጎኗ እየሮጠ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ! ቀስ!» ይላል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ትለቃለች። ሞተሩ ዘሎ ይጠፋባታል። ሻሿን ታጠብቅና እንደገና ታስነሣዋለች።