የሞስኮው ሯጭ

በ1976 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እኩያዬ ይሆናል። ቀጭን ነው፤ የወታደር ካፖርቱ አርጅቷል፤ የሸራ ጫማው ግን ታጥቦ ነጥቷል።

«ሯጭ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ነበርኩ። ዓምና ሞስኮ ላይ ማራቶን ሮጫለሁ። ሰዉ እንደ ጥምቀት መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶት ነበር። ቋንቋቸውን ባላውቅም በርታ እንደሚሉኝ ገብቶኝ እየሳቅሁ ሮጥኩ። አራተኛ ወጣሁ።»

ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገና ቀጠለ።

«እንደጨረስኩ የጦር አለቃዬ የእናቴን መርዶ ነገረኝ። ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ሩጫው እንዳይበላሽ ብለው ደብቀውኝ ነው። ለመምጣት ፈቃድ ያገኘሁት ገና አሁን ነው።»

«ቀድመው ቢነግሩህ ትተወው ነበር?»

«አልተወውም። እያለቀስኩ እሮጥ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ያየው ግን እናቱ የሞተችበት ልጅ ሲስቅ ነው።»

ገሳይ ስንደርስ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሮጊት አክስቱ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

«መጣህ፣ ልጄ? አንተን ስትጠራ ነው የሞተች» አሉት።

ሻንጣውን መሬት ላይ ጣለና እግራቸው ሥር ተንበርክኮ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።