ከመርሳ ሲደወልልኝ ጋና ነበርኩ

«እንዴት ነው ጋና? ይሞቃል?» አሉኝ አጎቴ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ከመርሳ ደውለው።

ኔትወርክ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያ ስልካቸው ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ወልድያ፣ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

ጦርነቱ እኛ ጋ ሳይደርስ ጋና የትምህርት ዕድል አግኝቼ ትኬት ሁሉ ተቆርጦልኝ ነበር። አጎቴ ግን «ዱአ ሳይደረግልሽ ከአገር አትወጪም፤ ሐሙስን ጠብቂ» አሉ። ወሎዬ ነኝና ጠበቅኩ።

ሐሙስ መርሳ ሄድኩ፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መረቁኝ። «በሉ፣ ነገ ጠዋት መንገደኛ ነኝ» ብዬ ተሰናብቼ፣ ሻንጣዬን ልወስድ ወልድያ ተመለስኩ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ስልክም ተቋረጠ።

ምናለ ያኔ ሻንጣዬን ይዤ ሄጄ ቢሆን! ከመርሳ በዚያው ወደ ደሴ እቀጥል ነበር።

ዛሬ «ኧረ አልሄድኩም» ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያን ሁሉ ወር የተጽናናሁት በአንቺ ነው ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ እንኳ ወጥታለች፣ ዱአችን ደርሷል እያልኩ።»

«አዎ አጎቴ፣ በጣም ይሞቃል» አልኳቸው።

(በአገር ቤቱ ቁጥሬ መደወላቸውን ልብ አላሉትም። ፌስቡክም የላቸውም፤ የምታውቋቸው ካላችሁ አደራ!)

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያደረግኩት የገባኝ። መንገዱ ተከፍቷል፤ መርሳ በሚኒባስ ቅርብ ናት። ናፍቀውኛል። ሄጄ ግን ላያቸው አልችልም፤ ጋና ነኛ!

እናንተስ፣ ሰው ለማጽናናት ብላችሁ የተናገራችሁት ውሸት ከማን አራቃችሁ?