ቦይለሩ የፈላበት ጠዋት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ጊዜ፣ አቃቂ ላይ ፋብሪካዎች በላይ በላዩ በሚከፈቱበት ዘመን ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን የኅዳር ጠዋት ግን መርሳት አልቻልኩም። ሁለት ክፉ ነገር ፊቴ ቆሞ አንዱን መምረጥ የነበረብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ክሊኒኩ ትንሽ ነው። ከወሊድ ክፍሉ ጎን ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የተለየች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። የአቃቂን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወንዙ የሚነሳው ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በፊት ክፍሏን የምናሞቃት በከሰል ነበር። አንድ ቀን አንዲት አራስ የከሰሉ ጭስ አዙሮ ጣላት። ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ከሰል ቀረ።

በዚህ ምክንያት ነው የፋብሪካው ኢንጂነር ፍስሐ ክሊኒኩን በሙቅ ውሃ ላሙቅ ብሎ የተነሳው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ከክሊኒኩ ጀርባ ትንሽ ቤት አሠርቶ በባሕር ዛፍ እንጨት የሚነድ ቦይለር አቆመ። ቦይለሩ ውሃውን ያሞቃል። ፓምፑ ደግሞ ሙቁን ውሃ በቱቦ እየገፋ በየክፍሉ መስኮት ሥር ወደ ቆሙት ብረቶች ይወስደዋል። ብረቶቹ የመኪና ራዲያተር ይመስላሉ፤ ግን ትልልቅ ናቸው። ውሃው ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ይመለስና እንደገና ይሞቃል። ውሃ ሲሞቅ ስለሚበዛ ትርፉን የሚቀበል ክፍት በርሜልም ጣራው ላይ ሰቀለ።

ሥራውን ሲጀምር ንድፉን ይዞ እኔ ዘንድ ይመላለስ ነበር። «ሲስተር፣ የሕፃናቱ አልጋ የት ነው የሚሆነው? ብርዱስ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ይለኛል። እኔም አሳየዋለሁ።

ሰው ግን ቦይለሩን አላመነውም። ሌላ አገር ቦይለር ፈንድቶ ሰው ጨረሰ የሚል ወሬ ነበር። በጓሮ በኩል ማለፍ የተዉ ሠራተኞችም ነበሩ። እኔም እፈራ ነበር፤ ነርስ ስለሆንኩ አልናገርም እንጂ።

ያን ሰሞን ጫልቱ የምትባል የፈትል ክፍል ሠራተኛ ያለ ጊዜው ወንድ ልጅ ወለደች። ከሱ በፊት የወለደቻቸው ሞተውባታል። ልጁ ከእጄ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። በጥጥ ጠቅልለን በሞቀችው ክፍል አስተኛነው።

«ስሙን ማን እንበለው?» ብዬ ስጠይቃት ራሷን ነቀነቀች።

«ይቆይ፣ ሲስተር። ስም ካወጣሁለት ይሄድብኛል» አለችኝ።

ያን ጠዋት ሐኪሙ ለጉዳይ ከተማ ሄዶ ነበር። ክሊኒኩ በእኔ እጅ ነው። በሽተኞችን አይቼ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረምና ሥራዬን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቱቦው ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ከዚያ አንድ ሰው ግድግዳው ውስጥ ሆኖ በመዶሻ የሚመታው መሰለ።

«ምንድነው?» አለች ጫልቱ፣ ልጇን አቅፋ።

«ምንም አይደለም» አልኳት። በመስኮት ሳይ ከጣራው ላይ የፈላ ውሃ እየተንፎለፎለ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል።

ኢንጂነር ፍስሐ እያለከለከ ገባ። «መብራቱ ሲጠፋ ፓምፑ ቆመ» አለኝ። «እሳቱ ግን እየነደደ ነው። ውሃው መዞሩን ትቶ ቦይለሩ ውስጥ እየፈላ ነው። ሰው ሁሉ ይውጣ።»

«ይፈነዳል?» አልኩት።

«እንፋሎቱ በበርሜሉ በኩል መውጫ አለው። እንዳይፈነዳ ብዬ ነው የሠራሁት። ግን እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። አላውቅም፣ ሲስተር።»

«ኢንጂነር፣ ይሄን ልጅ ካወጣሁት ብርዱ ይገድለዋል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ወደ ጓሮ ሮጠ። የቀሩት በሽተኞች ወጥተው አለቁ። ጫልቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የምጠይቀው ሰው የለም። ብቆይና ቢፈነዳ ሦስታችንም እናልቃለን። ብወጣና ባይፈነዳ ልጁን በከንቱ ገደልኩት ማለት ነው። በዚህ መሀል ጓሮው በኩል አንድ ከባድ ነገር ሲመታ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«ልብስሽን ክፈቺ፤ ደረትሽ ላይ አድርጊው» አልኳት። ልጁን ገላዋ ላይ ለጥፌ፣ በጋቢ አጥብቄ አሰርኩና በሩን ከፈትኩ።

ነፋሱ ፊታችንን መታን። የዘበኛው ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ ከውጭው አይሻልም። መጋዘኑ ተቆልፏል። የፋብሪካው በር ጋ ደርሰን ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ሳይ የልጁ ከንፈር ጠቁሯል።

«ኢልማ ኮ» ትላለች ጫልቱ በኦሮምኛ፤ ልጄን ማለቷ ነው።

ከፋብሪካው በር እስከ ቃሊቲ መንገድ ድረስ ከአዋሽ ጥጥ ጭነው የመጡ መኪኖች ተራ ይጠብቃሉ። ሁሉም ሞተር አጥፍተዋል። ከፊት ያለው አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ብቻ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሮጬ በሩን መታሁት። ጋቢ የተከናነበ ጎልማሳ ሾፌር ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ነው። ብርድ ሊገድለው ነው» አልኩት።

ምንም አልጠየቀኝም። ወርዶ ጫልቱን ደግፎ ጋቢናው ላይ አወጣት። የዚያ መኪና ሞተር ያለው ጋቢናው ውስጥ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ነው፤ ክዳኑ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ሾፌሩ የራሱን ጋቢ አውልቆ ክዳኑ ላይ አነጠፈ። «እጅሽን አስቀድመሽ ለኪ፤ እንዳያቃጥለው» አለኝ። ለክቼ ልጁን በጋቢው እንደተጠቀለለ አስተኛሁት። ሾፌሩም መስኮቱን ዘጋ። እሱ ራሱ በስስ ሸሚዝ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

ብዙም ሳይቆይ የተራ ተቆጣጣሪው መጥቶ ተራህ ደርሷል ግባ አለው። ጥጥ በሚራገፍበት ግቢ እሳት እንዳይነሳ ስለሚፈራ ሞተር ማጥፋት ግዴታ ነው።

«ተራዬን ለኋላው ስጠው» አለ ሾፌሩ።

«እስከ ነገ ትቆማለህ።»

«እቆማለሁ። ይሄን ሞተር አላጠፋም።»

ከተቀመጥንበት የቦይለሩ ቤት ይታያል። እሳት አንዳጁ በባልዲ ውሃ ይዞ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ኢንጂነሩ እጁን ያዘው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ብረቱ ይሰነጠቅ ነበር፤ ይህን የነገረኝ በኋላ ነው። ከዚያ ኢንጂነሩ አካፋ ይዞ ብቻውን ገባ። የሚነድ እንጨት ይዞ ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ይጥላል፣ ተመልሶ ይገባል። በገባ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ሾፌሩም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ያ ረቢ» ይላል።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከጣራው የሚወርደው ውሃም እያነሰ እያነሰ ቆመ።

ወዲያው ነበር ጋቢው ውስጥ እንደ ድመት ግልገል ያለ ድምፅ የሰማሁት። ልጁ ነው፤ እያለቀሰ ነው። ከንፈሩ ቀልቷል። ጫልቱ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት።

«ስምህን ንገረኝ፤ ለልጄ ላውጣለት» አለችው ሾፌሩን።

«የኔን ተይው፣ እህቴ» አላት። «እኔ ዕድሜዬን በመንገድ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እሱ ቤት ቁጭ ብሎ ይደግ።» ስሙን ሳይነግረን ቀረ።

የኢንጂነሩን እጅ ያከምኩት እኔ ነኝ። መዳፉ ተልጧል። በፋሻ እያሰርኩለት ስለ ንድፉ ያወራል። ቆየት ብሎ ቦይለሩን ዝቅ ካለ ቦታ አስቀመጠ፤ ቱቦዎቹንም በወፍራም ለውጦ ዘቅዘቅ አደረጋቸው። «ፓምፕ ባይኖርም ሙቅ ውሃ ሽቅብ መውጣቱን፣ የቀዘቀዘውም መውረዱን አይተውም። ራሱን በራሱ ይዞራል» አለኝ። ከዚያ በኋላ መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ፤ ቱቦው ግን አላንኳኳም። ልጁም አደገ። ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ አይቼዋለሁ።

ይህን ስነግራቸው ሰዎች «አተረፍሽው» ይሉኛል። ምስጋናውን መቀበል ያቅተኛል። በሩን ስከፍት ውጭ ማን እንዳለ አላውቅም ነበር። በወጣትነቴ በሕልሜ የማየው ቦይለሩን ነበር። የራሴን ልጆች ከወለድኩ በኋላ ሕልሙ ተለወጠ። አሁን በሩን እከፍታለሁ፣ ጫልቱ ከኋላዬ አለች፣ መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም።