የጋዲሴ ቀኝ እጅ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አሶሳ ያለው የቢሯችን ሰርቨር በጋዲሴ እጅ ነው። ማውዝ በማይሠራበት ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ስትጽፍ ትውላለች፤ የምትጽፈውም በግራ እጇ ብቻ ነው። የቀኝ እጇን ጣቶች ልጅ ሳለች ባምባሲ ውስጥ የወፍጮ ቀበቶ ቆርጦባታል።

ለዚህ ነው ቁልፎቹን ለራሷ ያደላደለቻቸው። ያለፈውን ትእዛዝ መልሶ የሚያመጣው ቀስት በስተቀኝ ዳር ነው፤ እሷ ኮንትሮልና ቲ ላይ አመጣችው። ትእዛዙን የሚያስፈጽመውን የኢንተር ቁልፍ ደግሞ ኮንትሮልና ጂ አደረገችው። ረጃጅሞቹን ትእዛዞችም እንዲሁ በግራ በኩል አሳጠረቻቸው። ዓመታት ፈጅቶባታል፤ አሁን ግን ከእኛ ከባለ ሁለት እጆቹ ትፈጥናለች።

ሰላም ስትል እጁ እንደረጠበ ሰው አንጓዋን ነው የምትዘረጋው፤ መዳፏን እጅጌዋ ይሸፍነዋል። እኛ እናውቃለን። አዲሱ ኃላፊያችን ቦዔዝ ግን፣ መጠየቅ መች ያውቅበታል! «አንቺ ደግሞ ሁሌ በልተሽ ስትታጠቢ ነው የምደርሰው» እያለ ይስቃል። እሷ አትስቅም።

አንድ ሰኞ ይህ ሰው «አሠራራችን አንድ ዓይነት ይሁን» ብሎ የራሱን የቁልፎች ሴቲንግ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጫነ። የጋዲሴን ሰርዞ! ማንም እንዳይነካውም በይለፍ ቃል ቆለፈው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

«አቶ ቦዔዝ፣ የእኔን ይመልሱልኝ። በዚህ መሥራት አልችልም» አለችው።

«ልመጂው። ሌላው ሰው ለምዶት የለ?»

ምክንያቱን አልነገረችውም፤ እጇን አሳይታ መለመን ሞቷ ነው። እኔ ልነግረው ብነሳ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ለአንዲት ኢንተር ግራ እጇ ኪቦርዱን ሲሻገር እያየሁ ተቃጠልኩ። ሥራውም ተጓተተ።

ዓርብ ስብሰባ ላይ ቦዔዝ ሁላችንም ፊት «ጋዲሴ ሥራው ስለከበዳት ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቅር አይበልሽ» እያለ እጁን ዘረጋላት።

ጋዲሴ ተነሳች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። አንጓዋን አልሰጠችውም፤ ጣት የሌለውን መዳፏን መዳፉ ውስጥ ከተተችው። ቦዔዝ ደንግጦ እጁን ሊያሸሽ ሲል፣

«ጨብጠኝ እንጂ!» አለችው። አንቱታው ቀረ። «አልበላሁም። እጄ ደረቅ ነው።»