ከካርቶኑ እንደወጣ የተተወው ስዊች

ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ከቀራንዮ እስከ ጦር ኃይሎች ያልወጣሁበት ኮርኒስ የለም ብል አላጋነንኩም። እንደዚያ ቀን ደሜ የፈላበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።

የደወለችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ቀራንዮ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ዘነበወርቅ አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። «ኧረ ድረሽልኝ፣ ሊያባርሩኝ ነው!» አለች እያለቀሰች። የላብራቶሪው መስመር እየደጋገመ ይቋረጣል፤ ሕመምተኛው ውጤቱን ሳያገኝ ይመለሳል። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ደግሞ ሆን ብላ የምታጠፋው እሷ ናት ብለው ደምድመዋል። ለምን? እናቷን ልታሳክም ፈቃድ ጠይቃ ስለከለከሏት ቂም ይዛለች ነው የሚሉት። የእናቷ መድኃኒት የሚገዛው በዚያው ደመወዝ መሆኑን የሚያስብላት የለም። ያበሽቃል!

ሄድኩ። ከሕመምተኞቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥኩና በስልኬ፣ ለእንግዳ በተለቀቀው ዋይፋይ ገባሁ። የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ሳጥን፣ ማለትም የስዊቹ፣ መቆጣጠሪያ ገጽ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ስም፦ አድሚን። ፓስወርድ፦ አድሚን። ወይ ጉድ! ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ጉንፋን ይዞት የመጣ ሰው ተራውን እየጠበቀ የላብራቶሪውን መስመር ማጥፋት ይችላል ማለት ነው።

የክሊኒኩን ኔትወርክ ለዘረጋው ባለሙያ ደወልኩ። ለምን እንዳልቀየረው ስጠይቀው ሳቀ። «አይ እናቴ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ እንዳይቸገር ብዬ ነው እንጂ! አንቺስ ሰተት ብለሽ አልገባሽም?» አለኝ። ደግ መሆኑ ነው! በእኛ ሙያ ፓስወርድ የቀየረ ደንበኛውን ለብቻው ሊይዝ የፈለገ ስግብግብ ተብሎ ይታማል። ሙልጭ አድርጌ ሰድቤው ስልኩን ዘጋሁበት።

ከእሱ ይልቅ ግን ያቃጠለኝ ፋብሪካው ነው። ገና ሲሰካ «የራስሽን ፓስወርድ ካልሰጠሽኝ አልሠራም» ቢል ምን ነበረበት? መቆጣጠሪያው ከአንድ መስመር፣ ሳጥኑ ላይ ከተሰካ አንድ ገመድ ብቻ እንዲከፈት አድርገው ቢልኩትስ? ሌላውን የፈለገ ራሱ ይክፈተው! ለሰፈሩ በር ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ቢኖር በድንጋይ ነበር የምናባርረው።

እንደተናደድኩ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዶክተር፣ እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። በገዛ ስልካቸው፣ በእንግዳው ዋይፋይ፣ የራሳቸውን ቢሮ መስመር እፊታቸው አጠፋሁት። ክው አሉ። ላብራቶሪውንም ሰው እየገባ ሲያጠፋው እንደነበር ስዊቹ ከሚይዘው መዝገብ ላይ አሳየኋቸው። ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ የገባው ሁሉ አድሚን ነው የሚለው። በልቤ አለቀ፣ ነጻ ወጣች ብያለሁ።

«ስለዚህ ማንም ሊያጠፋው ይችላል?» አሉኝ።

«ማንም! መንገደኛም ቢሆን ይችላል።»

«እሷስ?»

«እሷም ትችላለች፤ ግን እኮ ዶክተር፣ እኔም እርስዎም...»

አላስጨረሱኝም። «እንግዲያው አልተሳሳትኩም» አሉ። እሷ አለመሆኗን የሚመሰክርላት ነገር አጣሁ። ስዊቹ ሁሉንም በአንድ ስም ሲያስገባ ከርሞ ለእሷ ምን ብሎ ይመስክር? በዚያው ቀን አሰናበቷት።

ፓስወርዱን ቀየርኩ፤ መቆጣጠሪያውንም ከአንድ መስመር በስተቀር ዘጋሁት። ዕቃዬን ስሰበስብ ዶክተሩ በበሩ ብቅ አሉ።

«አዲሱን ፓስወርድ በወረቀት ጽፈሽ እዚያው ሳጥኑ ላይ ለጥፊልን» አሉኝ፤ «ነገ የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር።»

እሷ ጃኬቷን ይዛ ደረጃው ላይ እየጠበቀችኝ ነበር።