ኮምፒውተሩ በእኛ ሰዓት የቆጠረ ቀን

የመመረቂያ ሥራዬ የአንዲት የነርቭ ሴል ነገር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሠርቻት፣ ያለ ማቋረጥ ስትነዝር ምን ዝም እንደሚያሰኛት አጠናለሁ። ለምን ይህን መረጥሽ ለሚለኝ ሁሉ ሌላ ሌላ ምክንያት እደረድራለሁ እንጂ እውነቱ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሚጥል በሽታ አለበት። ያን ሰሞን ግን ከጣለው ዓመት አልፎት ነበር። ሐኪሙም መንዳት ፈቅዶለት፣ በማግስቱ ከዓለም ባንክ አየር ጤና የሚሠራ ሚኒባስ ሊረከብ ነው። እናታችን ደስታዋን አልቻለችውም። እኔ ግን ሰጋሁ፤ ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ቢጥለውስ?

እኩለ ቀን ላይ ፕሮግራሙን አዘጋጅቼ፣ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትቼ፣ ቤቴል ደርሼ ተመለስኩ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ግራፉን ባስነሳው የሚታይበት መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። እሺ፣ ይህስ የኔ ጥፋት ነው፤ ግራፉን የሚስለው ኮድ ሲያልቅ መስኮቱ አብሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን መስመር ረስቻለሁ። ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ተከፍቶ ባዶውን ግራጫ ሆኖ ቀረ። ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ምስሉን በየጊዜው እንዲያድስ አዘዝኩት፤ የግራፉ መስመር መጣ። ሴሏ ትነዝራለች። የሴሏ ፋይል ውስጥ የሚያረጋጋትን ቁጥር ከፍ አደረግኩ። ያው ነው። እጥፍ አደረግኩት። ያው። ንድድ ብሎኝ የማይሆን ቁጥር ሰጠኋት፤ ጸጥ ማለት ነበረባት። እሷ እቴ! ምንም እንዳልሰማች ትነዝራለች። እውነቴን ነው፣ ፈራኋት።

መስኮቱ ነው የተበላሸው ብዬ ስሰድበው ቆየሁ። ከዚያ ሁልጊዜ ሳላነብ የማልፈውን ማስጠንቀቂያ አነበብኩ፤ ፋይሉ ገና ባልደረሰ ሰዓት የተሠራ ነው ይላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ተኩል። ልክ ነው፣ ዘጠኝ ተኩል ነው። ዓይኔን ልመልስ ስል ክው አልኩ። ኮምፒውተሬ የሚቆጥረው በፈረንጅ፣ እስከ ሃያ አራት ነው፤ አሥራ አምስት ተኩል ማለት ነበረበት። አንድ ሰው ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሶታል። የሴሏ ፋይል እንደገና የሚነበበው ካለፈው ዝግጅት በኋላ ከተለወጠ ብቻ ነው። ለካ ፕሮግራሙ እኩለ ቀን፣ በፈረንጅ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተዘጋጀውን ሥራ እያየ፣ በዘጠኝ ሰዓት ያደረግኩትን ለውጥ አሮጌ ነው ብሎ ትቶት ኖሯል። ምስኪን መስኮት በነጻ ተሰደበ።

"ማነው ሰዓቴን የነካው?" ብዬ ጮህኩ። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

"እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ ከተኛበት። "ስድስት መቀነስ አቃተኝ።"

"ምን ማለት ነው አቃተኝ? ከልጅነትህ ጀምሮ ስትቀንሰው የኖርከውን?"

"ስነቃ መሬት ላይ ነበርኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ ላውቅ ብዬ ሰዓቱን ባየው አልገባ አለኝ። ወደኛ መለስኩት።"

ዞር ሲል ከንፈሩን ነክሶት አብጧል። ተነስቼ አጠገቡ ተንበረከክኩ።

"በናትሽ ለእማዬ እንዳትነግሪያት" አለ። "ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ እኮ። ነገ ልጀምር ብቻ።"

ይህን እንዳለ በሩ ተከፈተ። እናታችን ለነገ የገዛችለትን ሸሚዝ ከነላስቲኩ ከፍ አድርጋ ይዛ ገባች።

"የኔ ሹፌር! ተነስና ለካው እንጂ!"

ወንድሜ እኔን ብቻ ነው የሚያየው።

"እማዬ" አልኳት፣ "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።"